የምትክ መምህር ቦርሳ፦ በእጅ ስለሚሠሩ የክፍል ሥራዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የክፍሉ መምህር ሲታመም ወይም ሥልጠና ሲሄድ የምንጠራው እኛ ነን። የማናውቀው ክፍል፣ የማያውቁን ልጆች፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቀን ብቻ። በምትክነት የሚሠሩ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። መልሶቹ በአብዛኛው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ይሆናሉ።

የክፍሉ መምህር ዕቅድ ትቶ ሄዷል። የራሴን ሥራ ማስገባት አለብኝ?

ዕቅዱ ይቅደም። መምህሩ ነገ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እናንተ ግን ነገ የላችሁም። «የኔ ይሻላል» ብሎ የሰው ዕቅድ ወደ ጎን መግፋት ደስ አይልም።

ችግሩ ዕቅዱ ሁልጊዜ ሙሉ አለመሆኑ ነው። «ገጽ 42ን ይሥሩ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ጎበዞቹ በአሥር ደቂቃ ያጠናቅቁትና ዓይን ዓይናችሁን ማየት ይጀምራሉ። አንዳንዴም ዕቅዱ ጭራሽ አይገኝም፤ መሳቢያው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ከመምህሩ ጋር ሄዷል። የተግባር ሥራ የሚገባው እንዲህ ያለው ክፍተት ላይ ነው። ከቀኑ ርዕስ ጋር ቢገጥም ደግሞ እሰየው። ርዕሱ ክፍልፋይ ከሆነ ወረቀት ማጠፍ አለ፤ እንቅስቃሴ ከሆነ ክር ላይ የተንጠለጠለ ዳዶ አለ።

ጥሩ ሥራና መጥፎ ሥራ በምን ይለያል?

አንደኛ፣ ዛሬ ማለቅ አለበት። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ማብቀል ደስ ይላል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ሲበቅል የምታዩት እናንተ አይደላችሁም። ቀለም እስኪደርቅ የሚጠበቅ ሥራም እንደዚያው ነው፤ ደወል ሲደወል እርጥብ ወረቀት ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ሁለተኛው ይበልጥብኛል፦ ልጁ ዕቃውን ከመንካቱ በፊት የሚገምተው ነገር ይኑረው። «ስንት ሳንቲም ይሸከማል?» «የቱ ይፈጥናል?» ግምቱን በደብተሩ ጥግ ላይ ይጻፍ። በቃል የተነገረ ግምት በኋላ ይካዳል፤ የተጻፈ አይካድም። ልጁ ገምቶ፣ ሞክሮ፣ ግምቱ ሲያዝ ወይም ሲፈርስ ካላየ እጁ ሠራ እንጂ ጭንቅላቱ ቁጭ ብሏል።

ቆርጦ መለጠፍ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ሲደክም ያረጋጋል። ቀኑን ሙሉ በሱ መሙላት ግን ጊዜ መግደል ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ምን ልያዝ?

ትምህርት ቤቱ ይኖረዋል ብላችሁ አትመኑ። ያገለገለ ባለ አንድ ገጽ ወረቀት በብዛት፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ ፕላስተር፣ ጫፋቸው ክብ የሆነ ጥቂት መቀሶች፣ በውኃ የሚለቅ ጥቁር ማርከር፣ ማስመሪያ፣ ሶፍት፣ ዳዶዎች፣ እንደ ካርታ የተቆረጡ ባዶ ካርዶች። እነዚህ ከታች የምጠቅሳቸውን ሥራዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ይሸፍናሉ። ማስቲሽ አልይዝም። ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ልጆች ጣታቸው ላይ ቀብተው መላጥ ይወዳሉ። ፕላስተር ይበቃል።

ከመቀሶቹ ቢያንስ አንዱ የግራኝ ይሁን። ግራኝ ልጅ በተራ መቀስ ሲታገል «አይችልም» ይባላል። የማይመቸው መቀሱ ነው።

ልጆቹ አያውቁኝም። በምን ልጀምር?

ወረቀት አጥፈው እንደ ድንኳን ዴስካቸው ላይ የሚያቆሙት የስም ካርድ ያሠሯቸው። በአንዱ ገጽ ስማቸውን፣ በሌላው ገጽ የሚወዱትን አንድ ነገር ይሳሉ። አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ «አንተ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ» ማለት ቀረ። በስሙ የተጠራ ልጅ ግማሽ በግማሽ ተረጋግቷል። ስማቸውን ተቀያይረው የሚጽፉ ሁለት ቀልደኞች አይጠፉም፤ ክፍሉ ራሱ በሳቅ ያጋልጣቸዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የምወደው የአኃዝ ካርድ ነው። ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸውን ካርዶች ለአሥር ልጆች ስጡ። አራቱ ወደ ፊት ወጥተው ይቁሙ። «ከነዚህ አራት አኃዞች ትልቁን ቁጥር ሥሩ» በሏቸው። የተቀመጡት ናቸው የሚያዝዙት፤ የቆሙት ቦታ ይቀያየራሉ። «አሁን ትንሹን።» ዜሮ የያዘችው ልጅ ወደ ፊት ስትመጣ ክርክር ይነሳል፦ 0358 ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም? መልሱን ለመናገር አትቸኩሉ። የቦታ ዋጋ ትምህርት ያለው ክርክሩ ውስጥ ነው።

አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ ብባል የቱን ልምረጥ?

እኔ ፔንዱለምን እመርጣለሁ። ሲባጎና ዳዶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ውጤቱ አይከዳም። የልጆቹን ግምትም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ያፈርሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለየቡድኑ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሲባጎ ይታደላል። ዳዶ ጫፉ ላይ ይታሰራል። እርሳስ ዴስክ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ሲባጎው እሱ ላይ ይንጠለጠላል። ርዝመቱ የሚለካው ከእርሳሱ እስከ ዳዶው መሐል ነው። ዴስኩ አጭር ስለሆነ 1 ሜትሩን አንድ ረጅም ልጅ ወንበር አጠገብ ቆሞ እጁን ከፍ አድርጎ ቢይዘው ይሻላል፤ እጁ እንዳይነቃነቅ ክርኑን ግድግዳ ላይ ያስደግፍ። ዳዶውን ትንሽ ወደ ጎን ስቦ መልቀቅ ብቻ ነው። መግፋት የለም። ሄዶ ሲመለስ «አንድ» ይባላል። በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ሄዶ እንደሚመለስ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በአንድ ዳዶ ፋንታ ሦስት ብናስር ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። «ከባድ ስለሆነ ይፈጥናል» የሚለው ወገን ይበዛል፤ «ከባድ ስለሆነ ይዘገያል» የሚሉትም አሉ። «ለውጥ የለውም» የሚል አንድ ልጅ ቢገኝ ነው። ይሞከራል። ቁጥሩ ያው ይሆናል። «ቲቸር፣ ተሳስተን ቆጥረን ነው!» ይላሉ። «ድገሙት» ነው መልሱ። ይደግሙታል፤ አሁንም ያው ነው። ዳዶዎቹን ግን ጎን ለጎን እንጂ አንዱን ከአንዱ በታች አታንጠልጥሉ፤ አለዚያ ርዝመቱ ይቀየርና ሙከራው ይበላሻል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ርዝመት ነው። በ1 ሜትር ላይ በ30 ሴኮንድ 15 ያህል ይመጣል። «ሲባጎውን ግማሽ ብናደርገው ስንት ይሆናል?» ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሠላሳ!» ይላል። 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቆጥሩት 21 ገደማ ነው። 30 እንዲመጣ ሲባጎው ወደ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ ሩብ መውረድ አለበት። የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች ይህንን ራሳቸው ያገኙታል፤ ሲባጎውን ቀስ በቀስ እያሳጠሩ ሠላሳን ያድናሉ። እዚያ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል። የሚሰማው ቆጠራ ብቻ ነው።

ጊዜ ከተረፈ አንድ ነገር ጣል አድርጉ፦ ክርስቲያን ሆይኸንስ የተባለው የሆላንድ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1656 የመጀመሪያውን የፔንዱለም ሰዓት የሠራው ይህንኑ እኩል ምልልስ ተጠቅሞ ነው። ከሱ በፊት ጋሊሊዮ ነገሩን በደንብ አጥንቶት ነበር። የ1 ሜትር ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሴኮንድ ያህል ስለሚወስድ ክፍሉ ሰዓት ባይኖረው እንኳ በእጃቸው አንድ ሰዓት ሠርተዋል ማለት ነው።

መቀስም ሲባጎም ባይኖርስ? ወረቀት ብቻ ነው ያለኝ።

ወረቀት ብቻውን ብዙ ያስኬዳል። ሁለት የመጻሕፍት ክምር 20 ሴንቲ ሜትር አራርቁና አንድ ወረቀት ድልድይ አድርጉባቸው። ጠፍጣፋው ወረቀት አንድ ሁለት ሳንቲም ሲጫንበት ይሰምጣል። «በዚሁ አንድ ወረቀት ብቻ፣ ያለ ፕላስተር፣ ብዙ ሳንቲም የሚሸከም ድልድይ ሥሩ» በሉና ተዉአቸው። አንዱ ቡድን ይጠቀልለዋል፣ ሌላው ደጋግሞ ያጥፈዋል፣ ሌላው ጠርዙን ወደ ላይ ያቆማል። ይዋል ይደር እንጂ አንድ ልጅ እንደ አኮርዲዮን ያጥፈዋል። ያኔ ሳንቲም ያልቅባችኋል።

ከዚያ የካርቶን ቁራጭ ስጧቸውና ጠርዙን ቀድደው ይዩት። በሁለት ወረቀቶች መሐል ያው እጥፋት አለ። «እኛ የሠራነው!» ማለታቸው አይቀርም። ምክንያቱን ማስረዳት ለሚፈልግ፦ እጥፋቱ ወረቀቱን በጠርዙ አቆመው። በጠርዙ የቆመ ወረቀት እንዲጎብጥ ከላይ መጨማደድ፣ ከታች ደግሞ መለጠጥ አለበት። ወረቀት መለጠጥ አይወድም።

ለሒሳብ ሌላ ምን አለ?

ሦስት ማዕዘን ቀድዶ መግጠም። እያንዳንዱ ልጅ የፈለገውን ዓይነት ሦስት ማዕዘን ይሳል፣ ይቁረጥ፣ ሦስቱን ማዕዘኖች ቀለም ይቀባ። ከዚያ ማዕዘኖቹን በእጁ ቀድዶ ጫፎቻቸውን አንድ ነጥብ ላይ ይግጠማቸው። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ 180 ዲግሪ። የሁሉም ሦስት ማዕዘን የተለያየ ሆኖ ሳለ የሁሉም መልስ አንድ መሆኑ ነው ልጆቹን የሚያስደንቃቸው። ማስጠንቀቂያ፦ ቀለሙን ሳይቀቡ የቀደዱ ልጆች የትኛው ጫፍ ማዕዘኑ፣ የትኛው ጫፍ የተቀደደው እንደሆነ ይጠፋቸዋል።

ክብ ለሚማሩት ደግሞ ክዳንና ሲባጎ። የክዳኑን አግድመት በሲባጎ ለክተው ይቁረጡ፣ በዚያ ቁራጭ ዙሪያውን ይለኩ። ሦስት ጊዜ ሄዶ ትንሽ ይቀራል። የጠርሙስ ክዳንም ይሁን የባልዲ፣ ሦስት ጊዜ ሄዶ ትንሽ ይቀራል። 3.14ን ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ ብትጽፉት ከየት እንደመጣ ያውቁታል።

የሞቢየስን ቀለበትም አልተውም። ረጅም የወረቀት ጥብጣብ አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ጫፎቹን በፕላስተር ግጠሙ። ልጁ እርሳሱን ሳያነሳ መሐሉን እያሰመረ ይሂድ፤ በሁለቱም በኩል አስምሮ መነሻው ላይ ይደርሳል። «መስመሩን ተከትለን ብንቆርጠው ስንት ቀለበት ይሆናል?» ሁሉም ሁለት ይላል። አንድ ትልቅ ቀለበት ይወጣል። ሌላ ሠርተው ከጠርዙ ሲሶ ገባ ብለው ሲቆርጡ ግን ሁለት የተጠላለፉ ቀለበቶች ያገኛሉ። ነገሩን ሁለት ጀርመናውያን፣ ሞቢየስና ሊስቲንግ፣ ሳይመካከሩ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ደርሰውበታል። ጥብጣቡ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባይጠብ ጥሩ ነው፤ ቀጭን ከሆነ መቀስ ይስታል።

ለቋንቋ ትምህርትስ?

ጀርባ ለጀርባ መሳል። ሁለት ልጆች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። አንዱ ቀላል ሥዕል ይዞ በቃላት ብቻ ይገልጻል፣ ሌላው ሰምቶ ይሥላል። «ቤት ሳል» ማለት ክልክል ነው፤ «አራት ማዕዘን ሳል፣ ከላዩ ላይ ሦስት ማዕዘን» ማለት ይቻላል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ከዚያ «የቱ ቃል ነው ያሳሳተህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከጎኑ» አለኝ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ አልነገረኝም ይላል። ግልጽ አድርጎ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ በስብከት ሳይሆን በዚህ ይገባቸዋል።

ሌላው ከአንድ ወረቀት የሚወጣ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ እያጋመሱ ሲያጥፉት ስምንት ሳጥን ይወጣዋል። ዘርግተው በአጭሩ በኩል ያጋምሱታል። ከታጠፈው ጠርዝ እስከ መሐሉ፣ ማለትም እስከ መጀመሪያው የእጥፋት መስቀለኛ ድረስ ብቻ ይቆርጣሉ። መልሰው ዘርግተው በረጅሙ በኩል አጥፈው ሁለቱን ጫፎች ወደ መሐል ሲገፉ ቁራጩ ይከፈትና ገጾቹ ይሰበሰባሉ። ሁለት ሽፋን፣ ስድስት የውስጥ ገጽ። ታሪክ ለመጻፍ «ደብተር አውጡ» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ ልጅ ለራሱ መጽሐፍ ግን ርዕስ፣ ደራሲ፣ አንዳንዴም ዋጋ ይጽፍለታል። አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ሠርታችሁ ልመዱት፤ አርባ ልጅ ፊት ቆሞ «ቆይ… በዚህ በኩል ነው መሰለኝ» ማለት አይመከርም።

ለ1ኛና 2ኛ ክፍል የሚሆን አለ?

ሳንቲም ላይ የውኃ ጠብታ መደርደር። በጠብታ ማንጠባጠቢያ ወይም በመጠጫ ቱቦ ጫፍ። ስንት ጠብታ ይይዛል? አምስት፣ ስድስት ይላሉ። ሃያን ሲያልፍ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ውኃው እንደ ጉልላት አብጦ ሲቆም ከጎን ጎንበስ ብለው እንዲያዩት አድርጉ።

ጥቁር ማርከርም ያስገርማቸዋል። ከሶፍት የተቆረጠ ጥብጣብ ጫፍ ላይ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አንድ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል። ጫፉ ብቻ ውኃ ይነካል፣ ነጥቡ ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም። ውኃው ወደ ላይ ሲወጣ ጥቁሩን ወደ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ሌሎች ቀለሞች ይበታትነዋል። የማይለቅ ማርከር ከሆነ ግን ምንም አይፈጠርም፤ ስለዚህ ገዝታችሁ ስትመጡ ሞክሩት።

ጫጫታውንስ እንዴት ልቻለው?

የሥራ ጫጫታ ችግር የለውም። ጆሮ ያለው መምህር ይለየዋል፦ «ያዝልኝ፣ ቁጠር፣ አይ ተሳስተሃል» የሚል ጫጫታ ጤና ነው። ለሌላው ጫጫታ አንድ ምልክት ተስማሙ፤ እጅ ማንሳት ወይም ተደጋግሞ የሚመለስ ጭብጨባ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለቴ ተለማመዱት።

አንድ የማልለውጠው ሕግ አለኝ፦ መመሪያው ሳያልቅ ዕቃ አይታደልም። ሲባጎ እጁ የገባ ልጅ ጆሮ የለውም። ቡድኑ ከአራት አይብለጥ፤ አምስተኛው ተመልካች ይሆናል፣ ተመልካች ደግሞ ሥራ ይፈጥራል።

ስለ ጥንቃቄ ምን ልወቅ?

ጠዋት ቢሮ ስትገቡ አለርጂ ያለበት ልጅ እንዳለ ጠይቁ። ለውዝ የነበረበት ዕቃ፣ የጎማ ፊኛ፣ ዱቄት፣ እነዚህ ለአንዳንዱ ልጅ አደጋ ናቸው። ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ ለትንንሾቹ የመታነቅ አደጋ አለው፤ እኔ ለትንንሽ ክፍሎች ፊኛ ጭራሽ አልይዝም። ዳዶና ሳንቲም ለትንንሾቹ ስትሰጡ ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ። የልጆቹን ፎቶ በስልካችሁ አታንሱ፤ ፈቃድ ያለውንና የሌለውን አታውቁም።

ሙከራው ባይሠራስ?

ለምን እንዳልሠራ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። «ምን ብንቀይር?» ብላችሁ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀይሩ አድርጉ። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየሩ የቱ እንደሠራ አይታወቅም።

ለክፍሉ መምህር ምን ልተውለት?

ንጹሕ ክፍልና አንድ ገጽ ማስታወሻ። ከዕቅዱ ምን አለቀ፣ ምን ቀረ፣ በትርፉ ጊዜ ምን ሠራን፣ ማን ጎበዝ ነበር፣ ማን ተቸገረ። ስለ ረባሾቹ ብቻ የሚዘረዝር ማስታወሻ አትጻፉ። ልጆቹ የሠሯቸውን መጽሐፎች ወይም የግምት ሰንጠረዦች ጠረጴዛው ላይ ከተዋችሁለት ነገ ጠዋት ከዚያ መነሳት ይችላል። ለጽዳት አሥር ደቂቃ አስቀሩ፤ አምስት አይበቃም።

ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶ ሁሉም ነገር አልቋል። ምን ላድርግ?

ለሁሉም አንድ አንድ ያገለገለ ወረቀት። «ስንት ጊዜ አጋምሳችሁ ማጠፍ ትችላላችሁ?» ሃያ፣ አምሳ፣ መቶ የሚል አለ። ስድስተኛው ላይ መታገል ይጀምራሉ። ሰባተኛው ላይ በክርናቸው ይጫኑታል፣ ይቀመጡበታል፣ አይሆንም፤ 128 ድርብ ሊሆን ነው። ያኔ ንገሯቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ብሪትኒ ጋሊቫን የተባለች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በጣም ረጅም የሶፍት ጥቅል ተጠቅማ 12 ጊዜ አጥፋለች። ተራ ወረቀት 42 ጊዜ ማጠፍ ቢቻል ደግሞ ውፍረቱ ከመሬት እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ያልፋል። አያምኗችሁም። ስሌቱን በቤት ሥራ መልክ ስጧቸው፤ 0.1 ሚሊ ሜትርን 42 ጊዜ በሁለት ማባዛት።